ወለምታ በቅቤ ይታሻል? በሀዋሳ ሜዳዎች የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ወለም ሲል ወዲያው መታሸት አለበት»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲባል የእግሩ ይታሻል ማለት ነው። በታቦር ተራራ ግርጌም ሆነ በየሰፈሩ አቧራማ ሜዳ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ተጫዋች መጀመሪያ የሚቀርብለት ይኸው ነው፤ ቅቤ ወይም የሚያቃጥል ቅባት፣ ጠንከር ያለ እሽት፣ ማታ ደግሞ ሙቅ ውሃ በጨው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ግን በውጪ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ፤ ውስጥ ለውስጥም ይደማል። ማሸትና ማሞቅ መድማቱንና እብጠቱን ያባብሳሉ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሁለቱም ይቅሩ።

ጨዋታው ይቁም። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝበት፤ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ይደገም። በረዶ ያለ ጨርቅ ቆዳን ይጎዳል። በላስቲክ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ የቀዘቀዘ ውሃም ይበቃል። ከዚያ በሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶች ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቅለል፤ ጣት ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ጠብቋልና ይላላ። ሲተኛ እግሩ በትራስ ከልብ ከፍታ በላይ ይነሳ።

«መርገጥ ከቻለ አልተሰበረም»

ተሰብሮም እያነከሰ የሚሄድ አለ። 4 እርምጃ መራመድ ካቃተ ራጅ ያስፈልጋል። ቢራመድም የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ አጥንት የኋላ ጠርዝ (የታችኛው 6 ሴንቲ ሜትር) ወይም ከትንሿ ጣት ጀርባ በእግሩ ውጪ ጠርዝ መሃል ያለው አጥንት ሲጫኑት ካመመ እንዲሁ።

«ወጌሻ ጠፍሮ ካሰረው ይድናል»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። የተሰበረ እጅና እግር ለተወሰኑ ቀናት ማበጡን ይቀጥላል፤ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ ያጣና የደም ዝውውሩ ይቋረጣል። መጨረሻው ጋንግሪን (የሥጋ መሞት)፣ አልፎም መቆረጥ ሊሆን ይችላል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታና ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይኬድ።

«ሕመሙ ከጠፋ መጫወት ይቻላል»

የዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) መርፌ ተወግቶ ሜዳ መግባት ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያጠፋም። ጅማቱ ሲጎዳ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታም ይቀንሳል፤ ያው እግር ደጋግሞ የሚዞረው በዚህ ነው። በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም፣ ሲለመድ ዓይን ጨፍኖ፣ በየቀኑ ይሠራ። በተጎዳው እግር መዝለል፣ መሮጥና በድንገት አቅጣጫ መቀየር ያለ ሕመም ሳይቻል ግጥሚያ የለም።

«ቆሞ መሳሳብ በቂ ማሟሟቂያ ነው»

ብቻውን አይደለም። ፊፋ 11 ፕላስ የተባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሩጫ፣ የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴ አለው፤ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ይሠራል። ለኋላ ታፋ ጡንቻ የሚጠቅመው ክፍል ይህ ነው፦ ተንበርክኮ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በዝግታ ወደ ፊት መውረድ። ጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃዋል፣ ሲጠነክር ከ7 እስከ 10። መጀመሪያ ላይ ጡንቻው ስለሚታመም በግጥሚያ ዋዜማ አይጀመርም።