ቴክኒካል ዕዳ ምንድን ነው?

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ላይ የደመወዝ ግብር ሲሻሻል ለደመወዝተኛው እፎይታ ነበር። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። በወር 12,000 ብር የሚያገኝ ሰው በድሮው ስሌት 2,700 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር። በአዲሱ 2,250 ብር ሆነለት። በየወሩ 450 ብር ኪሱ ውስጥ ቀረችለት ማለት ነው።

እኔ በዚያ ሳምንት የደመወዝ ማስያ ሶፍትዌር ይዤ ተቀምጫለሁ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ቁጥር መቀየር አይደል? ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው አልኩ። ኤዲተሬን (ኮድ መጻፊያዬን) ከፍቼ በጠቅላላው ኮድ ውስጥ «600» ብዬ ፈለግኩ። የመጣው ዝርዝር ረጅም ነው። የገጹ ስፋት 600 ነው። ሰው ሳይነካው ሲቆይ ሲስተሙ የሚዘጋበት ጊዜ 600 ሰከንድ ነው። የግብሩ 600 ደግሞ 9 ፋይሎች ውስጥ ተበትኗል። ዋናው ስሌት ላይ አለ። የደመወዝ ወረቀቱን የሚያትመው ፋይል ላይ አለ። የዓመቱ ሪፖርት ላይ አለ። ሥራ ለሚለቅ ሰው ሒሳብ የሚሠራው ላይም አለ።

አንዱ ቦታ ጭራሽ 600 የሚል ነገር አልነበረውም። የነበረው 60 ነው። ሒሳብ ሠራተኞች የሚያውቁት አቋራጭ ስሌት አለ፤ 10 በመቶው እርከን ላይ ያለውን ደመወዝ በ10 በመቶ አባዝቶ 60 ብር መቀነስ። ያቺ 60 የ600 ብር 10 በመቶ ናት። ግን «600» ብሎ ለሚፈልግ ሰው አትታየውም። ያገኘናት በአጋጣሚ ነው፤ አንድ ደመወዝ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሪፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሲወጣ።

በዚያ ላይ የድሮው ሠንጠረዥ 7 እርከን ነበረው፤ አዲሱ 6 ነው። የ10 በመቶው እርከን ከነጭራሹ ወጥቷል። ስለዚህ ቁጥር መቀየር ብቻ አልበቃም፤ በየፋይሉ አንድ እርከን ማውጣት ነበረብን። ግማሽ ቀን ያልኩት ሥራ 6 ቀን ወሰደ።

ያን ኮድ የጻፍነው በ2012 ዓ.ም. ነው። ደንበኛው የሰኔን ደመወዝ በአዲሱ ሲስተም ለመክፈል ቆርጦ ነበር፤ ቀኑም ደርሶብናል። የግብሩን ሠንጠረዥ አንድ ቦታ አስቀምጦ ሌላው ሁሉ ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ 2 ቀን ይፈልጋል። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ደግሞ 10 ደቂቃ ነው። ለጠፍን። ደመወዙም በቀኑ ተከፈለ። ያኔ 2 ቀን ተበደርን፤ ከአምስት ዓመት በኋላ 6 ቀን ከፈልን።

ቴክኒካል ዕዳ ማለት ይኼ ነው። ዛሬ ቶሎ ለመድረስ ሲባል የተዘለለ ሥራ፣ ነገ ከነወለዱ የሚጠየቅ። ዋናው ያኔ ሳይሠራ የቀረው ሥራ ነው። ወለዱ ደግሞ እስኪሠራ ድረስ በየቀኑ የሚያስወጣው ተጨማሪ ልፋት።

አባባሉን ያመጣው ዋርድ ካኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው። (ማንም ገብቶ የሚያርመውን ዊኪ የሚባለውን ድረ ገጽ መጀመሪያ የሠራውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995፣ ዊኪፒዲያ ከመፈጠሩ 6 ዓመት በፊት።) ዋይካሽ የሚባል የኢንቨስትመንት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ስለ ሥራው አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረበ። የመጀመሪያውን ኮድ ለደንበኛ ማስረከብ ብድር እንደ መግባት ነው አለ። ትንሽ ዕዳ ቶሎ ከተከፈለ ሥራ ያፋጥናል። ችግሩ ሳይከፈል ሲቀር ነው።

ምሳሌውን ከገንዘብ ያመጣው በምክንያት ነው። ቡድኑ የሚሠራ ኮድ መልሶ መላልሶ ያስተካክል ነበር። ይህን ለምን እንደሚያደርጉ ለአለቃው ማስረዳት ነበረበት። የሚሠሩት የፋይናንስ ሶፍትዌር ነውና በብድርና በወለድ አስረዳው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ቃሉ ዛሬ የሚነገርበት መንገድ ከዚያ ርቋል። አሁን ቢሮ ውስጥ «ቴክኒካል ዕዳ» ሲባል ብዙ ጊዜ የተዝረከረከ ኮድ ማለት ነው። ካኒንግሃም ግን እንደዚያ አላለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጉዳዩን እንደገና ሲያብራራ፣ ኋላ አስተካክለዋለሁ ብሎ ኮድ በግዴለሽነት መጻፍን ደግፎ እንደማያውቅ ተናግሯል። የሚደግፈው ሌላ ነገር ነው። ስለ ጉዳዩ አሁን የምታውቁትን ያህል፣ ጎዶሎም ቢሆን፣ በቅንነት ኮዱ ላይ ጻፉ። የበለጠ ስታውቁ ደግሞ ኮዱን ከዕውቀታችሁ ጋር አስተካክሉ። ዕዳው በምታውቁትና ኮዱ «በሚያውቀው» መካከል ያለው ርቀት ነው።

ይህን ለኛ አገር ሰው ለማስረዳት ከስልክ ቁጥር የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ለብዙ ዓመት የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር በ09 ይጀምር ነበር። ስለዚህ ፎርም የሚሠራ ሰው ሁሉ «ቁጥሩ በ09 ካልጀመረ አትቀበል» ብሎ ጻፈ። እኔም ጽፌያለሁ። ትክክል ነበር፤ ስህተት የሚጽፉ ሰዎችንም ያግዝ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምር ቁጥር መጣ። አዲስ ሲም የገዛ ሰው ፎርም ይሞላል፤ ፎርሙ «የተሳሳተ ቁጥር» ይለዋል። ቁጥሩ ግን የራሱ ነው፤ እየደወለበት ነው። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ማንም አላጠፋም። ዓለም ተቀየረ፤ ኮዱ ግን የድሮውን ብቻ ያውቃል።

የ09ኙን ስጽፍ ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር። የ600ውን ዘጠኝ ቦታ ስለጥፍ ግን አውቄ ነው የተበደርኩት። ሁለቱም ይከፈላሉ። ሦስተኛም አለ፤ እሱን ዕዳ ማለት አልወድም። ጊዜ ሳያጣብብ፣ ዕውቀትም ሳይጎድል የተጻፈ ዝርክርክ ኮድ። ኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚይዘው የተለዋዋጩ ስም «ሀ1»፣ ቀጥሎ «ሀ2»። የተበደረ ሰው ቢያንስ በብድሩ አንድ ነገር ያገኛል። እኛ የሰኔን ደመወዝ በቀኑ አወጣንበት። ዝርክርክ ኮድ የጻፈ ምን አገኘበት? ዕዳ ብለን ስንጠራው የማይገባውን ክብር የሰጠነው ይመስለኛል።

ወለዱ በየቀኑ ምን ይመስላል? አዲስ የትራንስፖርት አበል መጨመር ጠዋት ተጀምሮ ጠዋት ማለቅ ሲገባው ሦስት ቀን ይወስዳል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ «ይሄ ለምን እዚህም እዚያም ተጻፈ?» ይልና የሚመልስለት ሰው ያጣል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ፍርሃት ነው። በየቢሮው «እቺን ፋይል እንዳትነኳት» የምትባል አንዲት ፋይል አለች። እንዴት እንደምትሠራ ማንም አያውቅም፤ ስለምትሠራ ብቻ ይዞርባታል። አዲስ ነገር ሲመጣ ከጎኗ ይለጠፋል፤ ውስጧ አይገባም። እኔ ወለድ የበዛበትን ኮድ የማውቀው በዚያ ነው፤ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

አሁን ዕዳውን ወደ መመዝገቡ ልምጣ። የሰፈር ባለሱቅ ዱቤ ሲሰጥ ምን ያደርጋል? ደብተሩን ከመደርደሪያው ሥር ያወጣና ስም፣ ቀን፣ ዕቃ፣ ብር ይጽፋል። ስኳር ነው፣ ዘይት ነው፣ ይጻፋል። ወር ሲደርስ ክርክር የለም። እኛ ፕሮግራመሮች ግን ሚሊዮን መስመር ጽፈን የተበደርነውን አንጽፍም። ኮዱ ውስጥ «ቱዱ (የሚሠራ)፦ በኋላ ይስተካከል» ብለን እናልፋለን። አንድ ቀን እነዚህን «ቱዱ»ዎች ቆጠርኳቸው፤ 140 ደረሱ። የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው ጊት የሚባል መሣሪያ የትኛው መስመር በማን፣ መቼ እንደተጻፈ የሚያሳይበት «ብሌም» የሚባል ትእዛዝ አለው። በእሱ ሳያቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የጻፏቸው ሰዎች ሥራ ለቀዋል። «በኋላ» ያሉት መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ እኛም ደብተር ከፈትን። ስሙ «ዕዳ» ነው። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ኮዱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። እያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይይዛል፦ የት ነው፣ መቼ ተበደርን፣ ለምን፣ ምን ሲመጣ ነው የሚጠየቀው። አራተኛዋ ዋናዋ ናት። «የግብር ሕግ ሲቀየር»፣ «ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲከፈት»፣ «ሠራተኛው ከ500 ሲያልፍ»። ለምሳሌ አንዷ እንዲህ ትላለች፦ ጳጉሜ ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ናት፤ ሪፖርቱ ግን እንደ ሙሉ ወር ቆጥሮ ባዶ ገጽ ያወጣላታል፤ በእጅ እንሰርዘዋለን፤ የዓመት መዝጊያ ሲመጣ ይጠየቃል።

ለዚህ ጂራና ትሬሎ የሚባሉትን የሥራ መከታተያ ፕሮግራሞችም ሞክሬያለሁ። ሥራ ለመከፋፈል ጎበዝ ናቸው። ዕዳ ሲጻፍባቸው ግን ከዕለቱ ሥራ ሥር ይቀበራል፤ ወር ሳይሞላው ማንም አያየውም። የጽሑፍ ፋይሏ ያሸነፈችኝ ከኮዱ ጋር አብራ ስለምትሄድ ነው። ኮዱን ያስተካከለው ኮሚት (ጊት ላይ የሚመዘገበው ለውጥ) ራሱ ከደብተሩ ላይ መስመሩን ይሰርዛል። ሁለቱ አንድ ላይ ይመዘገባሉ። ኤዲተሩ፣ ፍለጋው፣ ጊት፤ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገኝም።

አከፋፈሉ ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሥራ አቁሞ «ሁሉንም እንደ አዲስ እንጻፈው» ማለትን እፈራለሁ። የድሮው ኮድ ውስጥ ማንም የማያስታውሳቸው ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ስትጽፉት እነሱን ሁሉ ትረሳላችሁ። የሚሻለው መንገድ ላይ የተገኘውን መክፈል ነው። ለሌላ ሥራ አንድ ፋይል ውስጥ ከገባችሁ በዚያ ፋይል ላይ ያለባችሁን ትንሽ ቀንሱና ውጡ።

የግብሩን ኮድ ዕዳ የከፈልነው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ምንም ሳንነካ ቴስት፣ ማለትም ስሌቱ ልክ መሆኑን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጻፍን፦ 12,000 ብር በድሮው ሕግ 2,700፣ በአዲሱ 2,250። እየነካን ሳለ ይህ ከተዛባ ወዲያው እናውቃለን። ከዚያ እርከኖቹን ሁሉ ከዘጠኙም ፋይሎች አውጥተን አንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀመጥን። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርን፤ «ከመቼ ጀምሮ»። ይህች ዓምድ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን አንድ ሠራተኛ በመስከረም መጥቶ የሰኔ 2017 ደመወዜ በስህተት ጎድሎ ነበር ቢል፣ የሰኔው በድሮው ሕግ፣ የሐምሌው በአዲሱ መታሰብ አለበት። የድሮውን ቁጥር አጥፍተን አዲሱን ብቻ ጽፈን ቢሆን ኖሮ የሰኔውን ማስላት አንችልም ነበር። አሁን ሕጉ ደግሞ ቢቀየር ሥራው አዲስ እርከኖችን ከነቀናቸው ማስገባት ነው። አንድ ሰዓት።

ለአለቃም የምነግረው በዚህ ቋንቋ ነው። «ኮዱ ቆሽሿል» ስለው አይሰማኝም፤ ልክም ነው፤ እሱ ኮዱን አያየውም። «ሕጉ ሲቀየር አሁን ባለበት 6 ቀን ይፈጅብናል፤ ዛሬ 2 ቀን ከሰጠኸን አንድ ሰዓት ይሆናል» ስለው ግን ካላንደሩን ያወጣል።

ዛሬ ደብተራችን ላይ 11 መስመር አለ። የላይኛው የስልክ ቁጥሩ ነው። 07ን ለማስገባት ያኔ በጥድፊያ በየፎርሙ ለየብቻ ጨምረናት ነበር፤ አሁን ወደ አንድ ቦታ እየሰበሰብናት ነው። የቀሩት ሦስት ፎርሞች ናቸው። አንዱን ከሰዓት በኋላ እይዘዋለሁ።