እንጨት ፈለጣ፦ በቢላዋና በመጥረቢያ

ፈለጣ ቁራጭ እንጨትን ቃጫው በሚሄድበት አቅጣጫ ከአናቱ እስከ ታች መክፈል ነው። የታወቀው መሣሪያው መጥረቢያ ነው። ጫካ የሚያድሩ ተጓዦችና አዳኞች ግን ወፍራም ቢላዋ እንጨቱ አናት ላይ አሳርፈው ጀርባውን በዱላ እየመቱ መፍለጥም ያውቁበታል። አንዱ ወገን «ቢላዋን በዱላ መደብደብ ዕቃ ማበላሸት ነው» ሲል፣ ሌላው «ለአንድ ሌሊት እሳት መጥረቢያ ማን ይሸከማል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ስለ አንድ ሥራ የሚከራከሩ ይመስላቸዋል። መጥረቢያ የራሱን ክብደት ይዞ የሚመጣ ሽብልቅ ነው፤ ቢላዋ ግን መዶሻውን ከውጭ የሚበደር ሽብልቅ ነው። አቅማቸውም ሆነ የሚያስከትሉት አደጋ የሚለያየው ከዚህ ተነስቶ ነው።

እንጨት ለምን ይፈለጣል

እሳት የሚይዘው በእንጨቱ ገጽ ላይ ነው። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ቁራጭ ዙሪያውና ሁለቱ ጫፎቹ ተደምረው 3,140 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ገጽ አለው። ያው ቁራጭ ለአራት ሲፈለጥ 3,200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል፤ ለእሳትና ለአየር የተጋለጠው ገጽ በእጥፍ አደገ ማለት ነው። አዲሱ ገጽ ደግሞ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የዛፉ ውሃ እንዳይባክን የተሠራ ልባስ ስለሆነ፣ ሳይፈለጥ የተከመረ ግንድ ውስጡ ሳይደርቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አንዳንዱም ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ለማገዶ የሚመከረው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ነው። ከዚያ ካለፈ ከእሳቱ ሙቀት ከፊሉ ውሃውን ለማትነን ይውላል፣ ጭሱም ይበዛል።

ዝናብ በመታው ጫካ ውስጥ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ቆሞ የደረቀ እንጨት ላዩ ቢርስም እምብርቱ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ተሰንጥቆ ሆዱ ሲገለጥ፣ ክብሪት የሚቀበል ስንጥር ከዚያ ይወጣል። ቢላዋ ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የእንጨት ጠባይ

የእንጨት ቃጫዎች በግንዱ ቁመት የቆሙ ረጃጅምና ቀጫጭን ቱቦዎች ሲሆኑ፣ ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። እንጨትን አግድም መቁረጥ ቃጫዎቹን አንድ በአንድ መበጠስ ነው። በቁመቱ መፍለጥ ግን ማጣበቂያውን ማላቀቅ ስለሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል። ከእምብርቱ ተነስተው ወደ ቅርፊቱ የሚዘልቁ ቀጫጭን መስመሮችም አሉ፤ እንጨት እነሱን ተከትሎ መከፈት ይቀናዋል። ደረቅ ቁራጭ አናቱ ላይ የሚታዩት ስንጥቆች ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ መስመሮች ላይ የተከፈቱ ናቸው። ልምድ ያለው ፈላጭ ከመምታቱ በፊት እነሱን ፈልጎ ስለቱን እዚያው ላይ ያሳርፋል።

ስንጥቁ አንዴ ከተጀመረ ስለቱ ሥራ ይፈታል። ስንጥቁ ከስለቱ ቀድሞ ይሮጣል፤ እንጨቱን እያራራቀ የሚሄደው የብረቱ ጉንጭ፣ ማለትም ከስለቱ ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄደው ጎን ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ የመሣሪያ ምርጫ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው። የፈለጣ መጥረቢያ እንደ ምላጭ መሳል አያስፈልገውም፤ ጉንጩ ይስፋ። ቢላዋ ደግሞ ስለቱ ግሩም፣ ጉንጩ ግን የለም የሚባል ነው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቢላዋ እስከ ጀርባው ቢሰምጥ እንጨቱን ማራራቅ የሚችለው በዚያችው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ለቀጭን እንጨት ይህ ይበቃል። ወፍራሙ ግን ነክሶ ይይዘዋል።

ጉጥ ያለበት እንጨት ለሁለቱም መሣሪያዎች ፈተና ነው። ጉጥ የቅርንጫፍ መነሻ ስለሆነ ቃጫው ከግንዱ ቃጫ ጋር ተሻግሮ ይተኛል፤ ሮጦ የመጣ ስንጥቅ እዚያ ሲደርስ ይቆማል ወይም ይታጠፋል። እንደ ኤልም ያሉ ዛፎች ደግሞ ጉጥ ባይኖራቸውም ቃጫቸው የተጠላለፈ ነው፤ ፈላጭን ያማርራሉ። ቀጥ ብለው ያደጉ ኦክ፣ አሽና ፓይን ግን ያለ ብዙ ድካም ይከፈታሉ። ውርጭ ያጠጠረው ጥሬ እንጨትም እንዲሁ ነው፤ በውስጡ ያለው ውሃ ሲጠጥር መለጠጡ ይቀርና በአንድ ምት ይሰነጠቃል።

በመጥረቢያ

3 ኪሎ ግራም የሚመዝን መጥረቢያ በሴኮንድ 10 ሜትር ፍጥነት ቢያርፍ 150 ጁል ጉልበት ይዞ ይመጣል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ዱላ በሴኮንድ 6 ሜትር ፍጥነት የቢላዋ ጀርባ ላይ ቢያርፍ 9 ጁል ነው። የአንዱ ምት የሌላውን ከ16 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ወፍራም ግንድን በቢላዋ እታገላለሁ ለሚል ሰው ይህ ስሌት በቂ መልስ ነው። ከዚሁ ስሌት ሌላም ነገር ይገኛል። ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ያድጋል። ገበያ ላይ ካለው ሁሉ ከባዱን መርጦ ማንሳት የሚያቅተው ጀማሪ፣ ቀለል ያለውን በፍጥነት ከሚያወርድ ሰው ያነሰ ይፈልጣል፤ ቀድሞም ይደክማል።

መጥረቢያ ሁሉ አንድ አይደለም። ዛፍ መጣያው 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቃጫ እንዲበጥስ ስለተሠራ ጉንጩ ቀጭን ነው፣ ለፈለጣ ሲያውሉት ይሰምጥና ይቀረቀራል። የፈለጣው ጉንጨ ሰፊ ነው። ከእሱ የሚከብደው፣ ጀርባው እንደ መዶሻ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ከ2.7 እስከ 3.6 ኪሎ ይደርሳል። በአንድ እጅ የሚያዘው ትንሹ መጥረቢያ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ሲሆን፣ እጀታው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ፊንላንዳዊው ሄይኪ ካርና የፈለሰፈው መጥረቢያ ደግሞ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው፤ እንጨቱን እንደመታ በራሱ ዞሮ ይፈነቅለዋል እንጂ አይሰምጥም።

በ1991 በአልፕስ ተራሮች፣ በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር አካባቢ በበረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትዚ የሚባለው ሰው ከ5,000 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ እጀታ ያለው የመዳብ መጥረቢያና ከባልጩት የተሠራ ትንሽ ቢላዋ አብረውት ተገኝተዋል። ምረጥ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሁለቱንም ይዞ ነበር።

አመታቱን በተመለከተ ዋናው ነገር ማረፊያው ጉቶ ነው። ከጉልበት ዝቅ ያለ፣ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውና የማይናወጥ መሆን አለበት። የሚፈለጠው ቁራጭ ከጉቶው መሃል አለፍ ብሎ ከፈላጩ ራቅ ባለው ጠርዝ በኩል ይቆማል፤ ምቱ ቢስት ወይም እንጨቱ ሳይታሰብ ቢከፈት መጥረቢያው ጉቶው ላይ እንዲያርፍ ነው። ፈላጩ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቆማል፤ መጥረቢያው ሲወርድም ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል። ጉልበት ካልታጠፈ የመጥረቢያው መንገድ ወደ እግር ይቀስታል። ትልቅ ግንድ መሃሉን ደጋግመው ቢመቱት ላብ ብቻ ነው ትርፉ፤ ከጠርዙ ጀምሮ ዙሪያውን እየገመሱ መሄድ ይሻላል። አንዳንዶች ቁራጮቹን አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ያቆሟቸዋል፤ ፍልጡ ስለማይበተን ጎንበስ ቀና ማለት ይቀንሳል።

በቢላዋ

ቢላዋ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ሰንጢ መታጠፊያው ላይ ይላቀቃል ወይም እጅ ላይ ይዘጋል። የወጥ ቤት ቢላዋ ቀጭን ነው፣ ስለቱም ይሸራረፋል። የሚፈለገው ብረቱ ሳይቀጥን እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ አንድ ወጥ የሆነ፣ የጀርባው ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ የስለቱ ርዝመት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢላዋ ነው። በጣም የጠነከረ ብረት ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ድብደባ ሲያርፍበት ግን ይሰበራል፤ ለስለስ ያለው ቶሎ ይደንዛል እንጂ ድብደባን ይችላል። ከባድ ብርድም ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል፤ ስለዚህ ውርጭ ያደረበትን ቢላዋ ብብት ወይም ኪስ ውስጥ አሙቆ መጀመር ልማድ ነው።

የእንጨቱን ልክ የሚወስነው የስለቱ ርዝመት ነው። ቢላዋው እንጨቱ ላይ ሲጋደም ጫፉ በወዲያ በኩል ቢያንስ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ መታየት አለበት፤ ጀርባው ከሰመጠ በኋላ ዱላ የሚያርፍበት ቦታ ያ ጫፍ ብቻ ነውና። ስለዚህ 12 ሳንቲ ሜትር ስለት ያለው ቢላዋ ከ8 ሳንቲ ሜትር የወፈረ እንጨት አይሰጠው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ጉጥ የሌለው ቁራጭ ተመርጦ ጉቶ ላይ ይቆማል። ስለቱ አናቱ ላይ ባለው ስንጥቅ፣ ስንጥቅ ከሌለም በእምብርቱ ላይ አግድም ይቀመጣል። ዱላው ክንድ የሚያህል ርዝመት፣ የእጅ አንጓ የሚያህል ውፍረት ያለው ጥሬና ጠንካራ እንጨት ነው፤ ድንጋይና የብረት መዶሻ ክልክል ናቸው፣ ብረት ያሸራርፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ቀላል ናቸው፣ በጀርባው መሃል ላይ። ስለቱ ነክሶ ሲይዝ ምቱ ይጠነክራል። ጀርባው ከእንጨቱ አናት ጋር እኩል ሲሆን ዱላው ወደ ወጣው ጫፍ ይዛወራል። እጀታውን የያዘው እጅም በዚያው ልክ ወደ ታች ይጫናል፤ አለበለዚያ ጫፉ ብቻ ይሰምጥና እጀታው ሽቅብ ይነሳል፣ ብረቱም ይጣመማል። ቢላዋዎች የሚሰበሩት በአብዛኛው በዚህች ሰዓት፣ ያጋደለውን በኃይለኛ ምት ለማቃናት ሲሞከር ነው።

ከተቀረቀረስ? ወደ ግራና ቀኝ መወዝወዝ የመጀመሪያው ፈተና ነው፣ የመጀመሪያው ስህተትም ነው። ከደረቅ ቅርንጫፍ ትንሽ ሽብልቅ አዘጋጅቶ በተከፈተው ስንጥቅ ውስጥ በዱላ ማስገባት ይቻላል፤ እንጨቱ አፉን ሲከፍት ቢላዋው በራሱ ይላቀቃል። ሽብልቁ የሚዘጋጀው ሥራው ሳይጀመር ነው፤ ብቸኛ ቢላዋህ እንጨት ውስጥ ከተያዘ በኋላ በምን ትጠርበዋለህ?

ከሁለቱ መሃል

ክርክሩ ሲነሳ የሚረሱ መሣሪያዎች አሉ። በቢላዋና በመጥረቢያ መሃል ያለው ገጀራ እንደ መጥረቢያ ይሰነዘራል፣ እንደ ቢላዋም ጀርባው በዱላ ይመታል። አናጢዎች ለጣሪያ ክዳን የሚሆን ስስ ጣውላ የሚፈልጡበት፣ እጀታው ከስለቱ ጋር ማዕዘን ሠርቶ ወደ ላይ የቆመ መሣሪያም አለ፤ ከጥንትም በዱላ ሊመታ የተሠራ ነውና ቢላዋን በዱላ መምታት ነውር ነው ለሚሉት ጥሩ ምላሽ ይሆናል። ለወፍራምና ለጉጣም ግንድ ደግሞ የብረት ሽብልቅና ከባድ መዶሻ ከማንኛውም መጥረቢያ ይበልጣሉ።

ትንሹን መጥረቢያ ሳይሰነዝሩ መጠቀምም ይቻላል። ስለቱ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ይደገናል፤ እንጨቱና መጥረቢያው አብረው ይነሱና አብረው ጉቶው ላይ ይመታሉ። ለማቀጣጠያ የሚሆን ስስ ፍልጥ በዚህ መንገድ ሲወጣ ከቢላዋው ይፈጥናል፤ መጥረቢያ ያለው ሰው ቢላዋውን የሚደበድብበት ምክንያት አይታይም።

አደጋውና እንክብካቤው

ረጅም እጀታ ያለው መጥረቢያ ሲስት ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ወይም ጉቶው ላይ ያርፋል። አጭሩ ግን ዙሩን የሚጨርሰው ቅልጥም ወይም ጉልበት አጠገብ ነው፤ በትንሽነቱ የሚናቀው መጥረቢያ የባሰ የሚሆነው ለዚህ ነው። ተንበርክኮ መሥራት ዙሩን ወደ መሬት ያወርደዋል። በየትኛውም መጥረቢያ ቢሆን እንጨቱን በእጅ ደግፎ መምታት የለም፤ አልቆም ካለ በሌላ እንጨት ይደገፋል። የቢላዋ ምት ደካማ ስለሆነ አደጋው ያነሰ ነው፤ እጅ ግን ከስለቱ አይርቅም፣ እንጨቱ ድንገት ሲከፈት ቢላዋው ወደ ታች ያመልጣል። እግር ከበታቹ መሆን የለበትም። የመጥረቢያን ጀርባ በብረት መዶሻ መምታትም ዓይን የሚያጠፋ ፍንጣሪ ያመጣል።

የደነዘ መጥረቢያ በሞረድ ይስተካከላል። እጀታው ሲሰበር አዲስ ይገባለታል፤ ቢላዋ ከእጀታው ሥር ከተሰበረ ግን አበቃለት። ብረቱ እጀታው ላይ የላላ መጥረቢያን ውሃ ውስጥ የማሳደር ልማድ ብዙ ቦታ አለ፤ የእጀታው እንጨት አብጦ ለአንድ ቀን ይጠብቃል። እብጠቱ ግን ከብረቱ ጋር ስለሚጋፋ ቃጫው ይጨፈለቃል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ይላላል። መድኃኒቱ እጀታውን ወደ ውስጥ አጥብቆ አናቱ ላይ አዲስ ሽብልቅ መምታት ነው።