በጀርባ የሚወጋው ማደንዘዣ፦ ስለ መጠኑ የሚባለውና እውነታው

በኦፕራሲዮን ለመውለድ በብዛት የሚመረጠው በጀርባ የሚወጋው ማደንዘዣ ነው። እናትየው ነቅታ ትወልዳለች፤ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ ትሰማለች። ስለ መጠኑ የሚወራው ስህተት ግን ብዙ ነው፤ አንዳንዱም እናቶችን ይጎዳል።

«መጠኑ በኪሎ ነው የሚሰላው»

አይደለም። ይህ መድኃኒት በደም ዞሮ አይሠራም። ህብለ ሰረሰርን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ይገባና እዚያው ነርቮቹን ያደነዝዛል። ስለዚህ ጥቂት ይበቃል። በሰፊው የሚሠራበት ግሉኮስ ያለው 0.5 በመቶ ቡፒቫኬይን የተባለ የማደንዘዣ መድኃኒት ነው፤ የተለመደው መጠንም ከ10 እስከ 12 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ2 እስከ 2.4 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከኪሎ ይልቅ ቁመት ይታያል፤ በጣም አጭር ለሆነች እናት ይቀነሳል። እርግዝናው ራሱም መጠኑን ዝቅ ያደርገዋል። ያደገው ማህፀን ትልቁን የደም ሥር ሲጫን በአከርካሪ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ለፈሳሹ የሚቀረው ቦታ ይጠባል። በዚህ የተነሳ ያው መጠን ካላረገዘች ሴት ይልቅ በእርጉዟ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል።

«በዛ ቢደረግ አስተማማኝ ነው»

ሲበዛ ማደንዘዣው ወደ ላይ ይዘልቃል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ መተንፈስም ሊከብድ ይችላል። ግፊቱ ሲወርድ ለልጁ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። ለዚህ ነው ባለሙያው ቡፒቫኬይኑን ከማብዛት ይልቅ ከ10 እስከ 25 ማይክሮ ግራም ፌንታኒል የተባለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚጨምርበት። በትክክለኛው መጠንም ቢሆን ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ይዘጋጃል፣ እናትየውም ወደ ግራ ዘንበል ትደረጋለች። ድንገተኛ ማቅለሽለሽ ብዙ ጊዜ የግፊት መውረድ ምልክት ስለሆነ ወዲያው መንገር ነው።

«መርፌው ህብለ ሰረሰርን ይወጋል፤ ጀርባ ዕድሜ ልክ ያማል»

የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው ብዙውን ጊዜ ከወገብ የመጀመሪያውና ሁለተኛው አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። የተወጋው ቦታ ጥቂት ቀን ሊያም ይችላል። ለዓመታት የሚዘልቅ የጀርባ ሕመም ግን ከመርፌው ጋር አልተያያዘም፤ በምጥ የወለዱትም ጀርባቸውን ያማቸዋል። ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚሻል ራስ ምታት ከመጣ ግን ከመርፌው ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያው ይነገር።

«ትንሽ ማመሙ አይቀርም፣ ቻይው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። መጎተትና መጫን ይሰማል፤ ያ የተለመደ ነው። የሚያቃጥል ወይም የሚቆርጥ ሕመም ግን የተለመደ አይደለም። ከመቆረጡ በፊት ማደንዘዣው እስከ ጡት ጫፍ ደረጃ መድረሱ በቅዝቃዜና በቀላል ንክኪ ይፈተሻል። በፈተናው ጊዜ «ይሰማኛል» ማለት ማስቸገር አይደለም። ኦፕራሲዮኑ ተጀምሮም ካመማት፣ እናትየው ትናገር፤ የሚሰሟትም ይመኗት። ሁኔታው ከፈቀደ ሐኪሙ ቆም ይላል፣ ተጨማሪ ማስታገሻ ይሰጣታል፤ ካልበቃም ሙሉ ሰመመን አለ። ሕመሙ በካርዷ ላይ ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው ወሊድ ማደንዘዣ የሚሰጣት ሰው ሊያውቀው ይገባል።