«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ሲባል

ማዕድ ቀርቦ ይህችን አባባል ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ጠቅልሎ ያጎርስሃል። ገና አላምጠህ ሳትጨርስ ሁለተኛው አፍህ ደጃፍ ላይ ቆሟል። «በቃኝ፣ ጠገብኩ» ብትል ሰሚ የለህም። «በሞቴ!» ይመጣል። «አፈር ስሆን!» ይከተላል። ያም ካልሠራ የመጨረሻዋ ትመዘዛለች፦ «አንድ ያጣላል!» ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። አፍህን ትከፍታለህ።

ሙሉው «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል» ነው። «ያፋቅራል» በሚለው ቦታ «ያዋድዳል» ወይም «ያቀራርባል» የሚሉም አሉ። ሦስተኛ ጉርሻ የሚጨምሩ ለጋሶችም አይጠፉም። ብቻ አንድ ላይ መቆም ነውር ነው።

ለምን ያጣላል? አጉርሶ የሚጣላ ሰው አለ እንዴ? ልጅ ሆኜ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን እንደሚታየኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋ ጉርሻ የወግ ናት። እንግዳ መጥቷል፣ ሰው እያየ ነው፣ አለማጉረስ አይቻልም። ስለዚህ ታጎርሳለህ። እዚያ ላይ እጅህን ከሰበሰብክ ግን «ዕዳዬን ከፈልኩ» ያልክ ይመስልብሃል። የጎረሰውም «ለይሉኝታ ነው ያጎረሰኝ» ብሎ ይይዝብሃል። ሁለተኛዋን ግን ማንም አላስገደደህም። ሰውየውን ስለወደድከው ነው።

መጠኑም ይታያል። ሁለት ጣት የማትሞላ ጉርሻ የሰጠ ሰው ከማዕዱ ሲነሳ ይታማል። ጉርሻ ከተባለ ጉንጭ መንፋት አለበት፣ ዓይን ማስፈጠጥ አለበት። እናቴ ስታጎርስ የሚተነፈሰው በአፍንጫ ብቻ ነበር።

ቃሉ «ጎረሰ» ከሚለው የወጣ ነው። የሚጎርሰው ደግሞ ሰው ብቻ አይደለም። ወፍጮ እህል ይጎርሳል፣ ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል። ታዲያ ይህ የአፍ ቃል እንዴት ኪስ ውስጥ ገባ? ዛሬ «ጉርሻ» ስንል ለአስተናጋጅ የሚተውን ገንዘብም ማለታችን ነው። መንገዱ ሩቅ አይመስለኝም። በድሮው ግብር አሳላፊ ቆሞ ነው የሚያስተናግደው። ሌላው ሲበላ እሱ ያያል። ከተቀመጡት ደግ የሆነው ዞር ብሎ ከራሱ ፊት ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። ያ ደሞዙ አይደለም። ከሰውየው ድርሻ የተቆረሰለት ነው። ሆቴልና ምግብ ቤት ሲመጣ እንጀራው በሳንቲም ተተካ፤ ቃሉ ግን ባለበት ቀረ።

የሌላው አገር ስም ደግሞ የሚገርም ነው። ለዚሁ ገንዘብ ጀርመኖች «ትሪንክጌልት» ይላሉ፤ የመጠጫ ገንዘብ ማለት ነው። የፈረንሳዮቹ «ፑርቧር»ም ለመጠጫ ነው። ራሺያ የተማሩ ወገኖቻችን «ና ቻይ» የሚለውን ያስታውሱታል፤ ለሻይ እንደማለት ነው። (እኛ ዘንድ «የሻይ» ሲባል ሌላ ነገር ነው። ጉዳይ ሊያስፈጽም ቢሮ የተመላለሰ ያውቀዋል።) የኛ ግን እህል ነው። ያውም ከእጅ ወደ አፍ የሚሰጥ።

ችግሩ የሚጀምረው ይህን ቃል ይዘን አሜሪካ ስንገባ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቲፕ ጉርሻ አይደለም። ደሞዝ ነው። ይህ እስኪገባኝ ድረስ እኔ ራሴ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ያውም አስተናጋጅ ሆኜ እየሠራሁ። ልማዱ ከአውሮፓ የተወሰደ ነው። ሥር የሰደደው ግን ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ነው። ሆቴሎችና የባቡር ድርጅቶች ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን በትንሽ ደሞዝ፣ አንዳንዴም ያለ ደሞዝ ቀጠሩ። የቀረውን ከእንግዳው እጅ ልቀሙ ተባሉ። ነገሩ የከነከናቸውም ነበሩ። የዋሽንግተን ግዛት በ1909 ቲፕን በሕግ ከልክላ ነበር፤ አልዘለቀም። በ1966 ደግሞ ጭራሽ ሕግ ውስጥ ገባ። ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ ከመደበኛው ዝቅተኛ ክፍያ በታች እንዲከፈለው ተፈቀደ። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የፌዴራል ሕጉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። እስካሁን ንቅንቅ አላለም። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) ቲፑ ተደምሮ መደበኛውን ዝቅተኛ ክፍያ፣ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ ካልሞላ ባለቤቱ ይሙላ ይላል ሕጉ።

ግዛቶች ከዚህ ከፍ ማድረግ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አስተናጋጅ እንደማንኛውም ሠራተኛ ሙሉውን ዝቅተኛ ክፍያ ያገኛል፣ ቲፑ ከዚያ በላይ ነው። ቨርጂኒያ ግን 2 ከ13 ላይ ቆማለች። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ደግሞ ጉተታ ነው። መራጩ በ2018 በቲፕ ተቀባይና በሌላው ሠራተኛ ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 መራጩ ደገመው። በ2025 ምክር ቤቱ መልሶ አዘገየው። ስለዚህ ዲሲንና ቨርጂኒያን የሚለየውን የፖቶማክ ወንዝ ስትሻገር እንጀራው አንድ ነው፣ ዶሮ ወጡ አንድ ነው፣ የአስተናጋጇ የሰዓት ክፍያ ግን ሌላ ነው።

በዚህ በዲሲ አካባቢ ያለው ሐበሻ በቲፕ ነው የቆመው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ታክሲ የነዳ አለ፣ ፓርኪንግ የሠራ አለ፣ ትሪ የተሸከመ አለ። አዲስ የመጣ ልጅ ሥራ አገኘሁ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ደሞዙ አይደለም። «ቲፑስ?» ነው።

እኔ የሠራሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ አራት ሰዎች መጡ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተቀመጡ። ጥብስ፣ ክትፎ፣ ቢራ፣ እንደገና ቢራ። ጨዋታቸው ደስ ይላል። ሲጠሩኝ «ወንድሜ» እያሉ ነው። ሒሳቡ 160 ዶላር መጣ። ከዚያ ጦርነት ሆነ። አንዱ ካርዴን ውሰድ ይላል። ሌላው እጄን ይዞ «በእናትህ ከሱ እንዳትቀበል» ይላል። ሦስተኛው ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ካሸሯ ጋ ሊከፍል ሲል ተያዘ። በመጨረሻ ትልቁ ሰውዬ አሸነፉ። 160 ዶላር በካሽ ቆጥረው ሰጡኝ። ከላዩ 5 ዶላር ጨመሩና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ተባረክ» አሉኝ።

ሒሳቡን እንሥራው። በዚያ ቤት ደንብ ለባር ሠራተኛውና ሳህን ለሚያነሳው ልጅ ከሸጥኩት ላይ 3 በመቶ እሰጣለሁ። የ160 ዶላር 3 በመቶ 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። ለኔ 20 ሳንቲም ቀረችኝ። የአገሩ ልማድ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ በዚያ ቢሄድ ትንሹ 24 ዶላር ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ሰውዬውን አማኋቸው። አልዋሽም፣ ክፉኛ ነው ያማኋቸው።

በኋላ ሳስበው ግን ስስታም አልነበሩም። ስስታም ሰው 160 ዶላር ለመክፈል አይጋደልም። ያሳሳታቸው ቃሉ ነው። ለሳቸው 5 ዶላሯ ጉርሻ ናት፣ ከደግነታቸው የወጣች። ጉርሻ ደግሞ በመቶኛ አይሰላም። «ሃያ በመቶ አጉርሰኝ» የሚል ማን ሰምቶ ያውቃል? አዲስ አበባ ለምደው የመጡት መልሱን ትቶ መነሳትን ነው። ትልልቁ ሆቴል ከገቡም 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ደረሰኙ ላይ ተቆርጦ ይመጣል፣ ማንም ጭንቅላቱን አያዞርም። እኔ ደግሞ ያቺን 5 ዶላር ያየሁት እንደተሸረፈ ደሞዝ ነው። እሳቸው አጎረስኩት ብለው ሄዱ፣ እኔ ተቀማሁ ብዬ ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት የኖርኩት «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የእውነት የገባችኝ ያን ማታ ነው።

ትሪ የተሸከመ ሐበሻ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እሱ አገልግሎቱ ቢበላሽም 20 በመቶ ይተዋል፣ እያጉረመረመ ይተዋል። እኔም አሁን እንደዚያው ሆኛለሁ። ፍራንክፈርት የአክስቴ ልጅ ጋ ሄጄ ይህንኑ ሳደርግ ሳቀችብኝ። እዚያ አስተናጋጁ ሙሉ ደሞዝ አለው፤ እንግዳው ቁጥሩን ሞላ አድርጎ፣ ሲበዛ 10 በመቶ ገደማ ጨምሮ ይከፍላል። ያውም ጠረጴዛ ላይ ትቶ አይነሳም። ሲከፍል ነው አፍ አውጥቶ የሚናገረው። 27 ዩሮ ከሆነ «30 አድርገው» ይላል፣ አለቀ። «አሜሪካ አበላሸችህ» አለችኝ።

ባለፈው በጋ አጎቴ ሊጠይቁኝ ከአዲስ አበባ መጡ። እራት ልጋብዛቸው አሌክሳንድሪያ ወሰድኳቸው። የምታስተናግደን ልጅ ቀልጣፋ ናት። «ጋሼ፣ በርበሬው በዛብዎት?» «ጋሼ፣ ውሃ ልጨምር?» አጎቴ ወደዷት። ትሪዋን ይዛ ልታልፍ ስትል ጠቅልለው ጠበቋት።

«ነይ ልጄ፣ ጉረሺ።»

«ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ።»

«በሞቴ!»

ትሪዋን በአንድ እጇ ደግፋ ጎንበስ አለችና ጎረሰች። ቀና ሳትል ሁለተኛው ተዘጋጅቷል። «አንድ ያጣላል» አሏት። ጎን ያሉት ጠረጴዛዎች ሳቁ። ልጅቷ ጉንጯ እንደተወጠረ በምልክት አመሰገነች።

ሒሳብ ላይ ከአጎቴ ጋር ታግዬ አሸነፍኩ። «እንግዲያው ጉርሻው የኔ ነው» አሉ። ከደረት ኪሳቸው ሁለት አንድ ዶላሮች አውጥተው፣ በጥንቃቄ አጥፈው ብርጭቆው ሥር አስቀመጡ። ደስ ብሏቸዋል። ምንም አላልኩም። መኪናው ጋ ስንደርስ ስልኬን ረሳሁ ብዬ ተመለስኩና ሃያ ዶላር ጨመርኩበት። ልጅቷ አየችኝ። «ለጋሼ እንዳትነግራቸው» አለች እየሳቀች።

መንገድ ላይ አጎቴ ስለ እሷ ማውራት አላቆሙም። አስተዳደጓ ደስ ይላል፣ ቅን ናት፣ እንዲህ ያለች ልጅ አግባ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ ደሞዟ ስንት ነው?»

«2 ዶላር ከ13 ሳንቲም።»

ጥቂት ዝም አሉ።

«በደቂቃ ነው?»