ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ ፒክአፕ? ሰው የሚለውና እውነታው

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፦ አዲስ ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ ያገለገለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ልፈልግ? ብዙዎቹ ግን ከሰው የሰሙትን ስህተት ይዘው ነው ገበያ የሚወጡት።

«ኤሌክትሪክ መኪና ዳገት ላይ ጉልበት የለውም»

እውነታው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ፒክአፕ ብዙውን ያካክሰዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይስብ እንጦጦም ላይ አዋሽም ላይ ጉልበቱ ያው ነው።

ዳገት የሚጎዳው ቻርጁን ነው። የዓባይ በረሃን እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ወደ ደጀን ደግሞ እንደገና ይወጣል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ይህ ሜዳ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያስኬድ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ጥሩውን ድርሻ ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ፍሬኑም ከመጋል ይድናል። ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር ሰው ግን ይህ ይቀርበታል፤ የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ የለውምና።

«መብራት ከጠፋ ቆመህ ቀረህ»

በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 9 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። ተራ የቤት ሶኬት፣ 220 ቮልት በ10 አምፒር፣ ይህን በአራት ሰዓት ከምናምን ይሞላል። ስለዚህ ከሌሊቱ ግማሽ ያህሉን መብራት ቢጠፋም ይደረስበታል።

እኔ የምፈራው ሽቦውን ነው። ጎረቤቴ መጀመሪያ ሰሞን በቀጭን ኤክስቴንሽን ነበር ቻርጅ የሚያደርገው። አንድ ማታ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተንና ሮጠን ስንወጣ ሶኬቱ ቀልጦ ከመሰኪያው ጋር ተጣብቋል። ግቢው ውስጥ ልጆች ነበሩ። እባካችሁ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ከቆጣሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ኤርዝ አስገቡ።

«ዝናብ ከነካው ያልቃል»

አያልቅም፤ ባትሪው ታሽጎ ነው የሚሠራው። ጎርፍ ውስጥ መግባት ግን ለሁለቱም መኪና ጥሩ አይደለም።

«ባትሪው በሦስት ዓመት ይሞታል»

አብዛኞቹ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ችግሩ እዚህ ከሚነዱት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ ለምሳሌ ፎልክስዋገን አይዲ.6 የተሠራው ለዚያ ገበያ ነው። ዋስትናው አገር ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ሻጩ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የቻርጅ ማስገቢያውም የቻይናው ጂቢ/ቲ ይሁን የአውሮፓው ሲሲኤስ2 እዩ፤ መሰኪያቸው አይገጣጠምም።

«ኤሌክትሪክ ጥገና አያውቅም»

ዘይት አይቀየርለትም እንጂ ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይጨርሳል። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ከሞተች ደግሞ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሳም።

«ፒክአፕ ለሁሉም ይሆናል»

10 ኩንታል ጭኖ ገጠር መንገድ ለሚገባ ሰው ዛሬም የሚተካው የለም፤ መካኒኩም መለዋወጫውም ትንሽ ከተማ ድረስ ይገኛል። ነገር ግን የኋላ ባሌስትራው የተሠራው ለጭነት ነው። ባዶውን ሲሆን ይዘላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ኋላው ይንሸራተታል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ ለሚውል ሰው፣ በየሳምንቱ ናፍጣ ሰልፍ እየቆመ ባዶ ካሶኒ ይዞ መዞር ነው የሚተርፈው። ለእንዲህ ያለው ሰው ኤሌክትሪኩን እመክራለሁ፤ በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ቻርጅ ማድረጊያ የሌለበት ወረዳ ለሚሄደው ግን ፒክአፑን።