ቻርልስ ሃዋርድ ሂንተን እና አራተኛው አውታር

ቻርልስ ሃዋርድ ሂንተን (1853–1907 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህርና ጸሐፊ ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ከርዝመት፣ ከስፋትና ከከፍታ ሌላ አራተኛ የኅዋ አውታር ሊኖር ይችላል በማለቱና የሰው አእምሮም በልምምድ ሊያየው እንደሚችል በመጻፉ ነው። በዘመኑ ስለ አራተኛው አውታር የሚያወሩ ብዙ ነበሩ። የሒሳብ ሊቃውንት በቀመር ያውቁታል፤ መናፍስት ጠሪዎች ደግሞ የሙታን ማደሪያ ያደርጉት ነበር። ሂንተን ግን ጉዳዩን የእጅና የዓይን ሥራ አደረገው፤ ከሁለቱም ወገን የሚለየው ይኸው ነው።

የመነሻ ሐሳቡ ለማንም ተማሪ ግልጽ ነው። ነጥብ ሲጎተት መስመር ይሆናል፤ መስመር በጎኑ ሲጎተት ካሬ፣ ካሬ ወደ ላይ ሲጎተት ኩብ ይሆናል። ታዲያ ኩቡን ከሦስቱም አቅጣጫዎች ውጪ በሆነ በአራተኛ አቅጣጫ ብንጎትተውስ? የሚገኘውን ቅርጽ ሂንተን በ1888 ባሳተመው መጽሐፉ ቴሰራክት ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ የእርሱ ፈጠራ ነው። ቅርጹን ማየት ባይቻልም መቁጠር ይቻላል። ኩብ 8 ማዕዘኖች አሉት፤ መነሻውና መድረሻው ሲደመሩ 16 ይሆናሉ። የኩቡ 12 ጠርዞች እጥፍ ሆነው 24 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ማዕዘን ሲጎተት የሚያሰምራቸው 8 ጠርዞች ሲጨመሩ ደግሞ 32። ቴሰራክትን የሚያጥሩት ካሬዎች ብቻ ሳይሆኑ 8 ሙሉ ኩቦች ናቸው። በአዲሱ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ለማለትም ከግሪክኛ ወስዶ «አና» እና «ካታ» የሚሉ ቃላትን ሰጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው የልምምዱ ነገር ነው፤ በእኔ ዕይታ ከሥራዎቹ ሁሉ ልብ የሚነካውም ይህ ነው። ሂንተን በጎኑ አንድ ያርድ (36 ኢንች) የሆነን ትልቅ ኩብ አንድ አንድ ኢንች ወደሆኑ ኩቦች ከፈለ፤ 46,656 መሆናቸው ነው። ለእያንዳንዳቸውም ስም እየሰጠ በቃሉ አጠና። ይህ የአእምሮ ሰሌዳው ሆነ፤ ማንኛውንም ቅርጽ የሚያልፍባቸውን ኩቦች በመጥራት ብቻ መግለጥ ቻለ። ነገር ግን ላይና ታች፣ ቀኝና ግራ የምንላቸው ከነገሩ ሳይሆን ከእኛ አቋቋም የመጡ መሆናቸውን ስለተረዳ፣ ኩቡን በየአቅጣጫው እያገላበጠ፣ በመስታወት እንደሚታየው ምስሉም ጭምር እያደረገ ደግሞ ደጋግሞ አጠናው። የመስታወቱ ጉዳይ ያለ ምክንያት አልነበረም። በአራተኛው አውታር ማዞር ቢቻል የቀኝ እግር ጫማ ሳይሰፋና ሳይቀደድ የግራ ይሆናልና። ለአንባቢዎቹም ባለ ቀለም ኩቦች አዘጋጀ፤ በሣጥን ይሸጡ ነበር። የቴሰራክቱ 16 ማዕዘኖች፣ 32 ጠርዞች፣ 24 ካሬዎች፣ 8 ኩቦችና አንዱ ውስጠኛው ክፍል ሲደመሩ 81 ስለሚሆኑ 81 ቀለሞችን ደለደለላቸው።

በ1880 በጻፈው የመጀመሪያ ድርሰቱ ሌላም ሐሳብ አለ። ያዘመመ ክር እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ በሆነ በአንድ ስስ ጠለል ውስጥ ሲወርድ፣ በጠለሉ ላይ ለሚኖር ፍጡር የሚታየው ክሩ ሳይሆን የምትጓዝ ነጥብ ናት። እኛ እንቅስቃሴ የምንለውስ በራሱ የማይለወጥ ባለ አራት አውታር ነገር በኅዋችን ሲያልፍ ቢሆንስ? የሒሳብ ሊቁ ኸርማን ሚንኮቭስኪ ጊዜንና ኅዋን ያዋሐደበትን ዝነኛ ንግግር ያደረገው በ1908፣ ሂንተን በሞተ በዓመቱ ነው። ይሁንና የሁለቱን ሰዎች ሐሳብ አንድ ማድረግ ስሕተት ነው፤ የሂንተን አራተኛ አውታር በመሠረቱ የኅዋ አውታር እንጂ ጊዜ አይደለም።

በ1886 በሁለት ሚስት ጋብቻ ተከሶ ሦስት ቀን ከታሰረ በኋላ በእንግሊዝ አገር መምህርነቱ አበቃ። ወደ ጃፓን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዶ በፕሪንስተንና በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማረ። ለፕሪንስተን የቤዝቦል ተጫዋቾች በባሩድ ኃይል ኳስ የሚወረውር መሣሪያም ሠርቶላቸዋል። ያረፈው በዋሽንግተን፣ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ጽሕፈት ቤት ባልደረባ ሳለ ነው።

ኩቦቹ ይሠራሉ ወይ ለሚለው ከሁሉ የተሻለው መልስ አሊሲያ ቡል ናት። የሒሳብ ሊቁ የጆርጅ ቡል ልጅ፣ የሂንተን ባለቤት የሜሪ ኤለን እኅት ስትሆን ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ሂንተን የእንጨት ኩቦቹን ሲያመጣ ገና ወጣት ነበረች፤ የ1888ቱን መጽሐፍ ለኅትመት ካበቁት ሁለት ሰዎችም አንዷ ናት። አሊሲያ ግን ከቴሰራክት አልፋ ሄደች። በአራት አውታር ውስጥ ያሉት ክፍሎቻቸው ሁሉ እኩልና አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ወደ ውስጥ ያልጎደጎዱ ጥጥሮች ስድስት ብቻ መሆናቸውን በራሷ መንገድ ደረሰችበት፤ ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉድቪግ ሽሌፍሊ ቀደም ብሎ እንዳገኛቸው አታውቅም ነበር። እያንዳንዳቸው የእኛን ኅዋ ሲያቋርጡ የሚተዉትን ቅርጽ ከካርቶን እየቆረጠች ሠራች፤ በ600 ባለ አራት ፊት ጥጥሮች የታጠረውን ጭምር። ሆላንዳዊው ፕሮፌሰር ፒተር ስኹተ ሥራዋን ባየ ጊዜ አብሯት መሥራት ጀመረ፤ የኽሮኒንገን ዩኒቨርሲቲም በ1914 የክብር ዶክትሬት ሰጣት። አራተኛውን አውታር አየሁ ማለት ለማንም ቀላል ነው፤ እርሷ ግን ያየችውን በመቀስ ቆርጣ በጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ሂንተን በጃፓን ሳለ ልጆቹ ሦስቱን አውታሮች በአካላቸው እንዲለምዱ ከቀርከሃ የመወጣጫ ፍርግርግ አቁሞላቸው ነበር። ልጁ ሴባስቲያን ያንን አስታውሶ በ1920ዎቹ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ዛሬ በየመጫወቻ ሜዳው ሕፃናት የሚንጠላጠሉበት የብረት መወጣጫ የመጣው ከዚያ ነው።