ለገሃር በጠረጴዛ ላይ፦ የድሮ መገጣጠሚያ መጫወቻዎችና የሞዴል ባቡር

የሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ከሐዲዱ ዳር ጣቢያ፣ መጋዘንና ድልድይ ለማቆም ከሚጠቀሙባቸው አሮጌ የመገጣጠሚያ መጫወቻዎች መካከል ስመ ጥሩ ሜካኖ ነው። የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ ይህን የብሎንና የዳዶ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1901 በስሙ አስመዘገበ፤ በ1920 ደግሞ ራሱ የአሻንጉሊት ባቡር መሸጥ ጀመረ። ባለ ቀዳዳ ብረቶቹ ለድልድይና ለክሬን ተወዳዳሪ የላቸውም። ግድግዳ ሲሆኑ ግን ቤቱን ወንፊት ያስመስሉታል።

ለግድግዳ ቤይኮ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1934 እዚያው ሊቨርፑል ውስጥ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ቀዳዳ ባለው መሠረት ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ይተከላሉ፤ የባኬላይት (የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) ጡቦችም በሽቦዎቹ መካከል ከላይ ወደ ታች እየተንሸራተቱ ይደረደራሉ። ቋሚ ተክሎ ጭቃ ቤት ያቆመ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል። ባኬላይት ሲወድቅ እንደ ሸክላ እንደሚሰበር ግን ልብ ይሏል።

ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀውን የለገሃር ጣቢያ ለመሥራት ለሚነሣ ሰው ከሁለቱም የሚበልጠው የመልሕቅ ምልክት ያለበት የጀርመን የድንጋይ ብሎክ ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በሩዶልሽታት ከተማ ከኳርትዝ አሸዋ፣ ከጠመኔና ከተልባ ዘይት ይሠራ ነበር። ቀዩ ጡብን፣ ቢጫው ጥርብ ድንጋይን፣ ሰማያዊው የጣሪያ ድንጋይን ይወክላል። ማጣበቂያ አይፈልግም፤ የሚቆመው በክብደቱ ነው። ቀለም የሚቀቡት አሉ፤ ያማረውን ነገር ማበላሸት ነው።

ትልቁ ጣጣ ልኬት ነው። መጫወቻዎቹ የተሠሩት ለልጅ እጅ እንጂ ለባቡር ልክ አይደለም። በ1፡87 ልኬት፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ፣ የ4 ሜትር ፎቅ ቁመት 46 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ ብሎክ ከመደርደር በፊት ይህን በማስመሪያ ለክቶ በወረቀት ላይ ማስመር ያስፈልጋል። ሐዲዱም እንደዚሁ ነው። የድሮው የኢትዮ ጅቡቲ መስመር ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በዚህ ልኬት ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ለዚህ የሚስማማው ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ነው። በብዛት የሚሸጠው ባለ 16.5 ሚሊ ሜትሩ የ1,435 ሚሊ ሜትር መስመርን ስለሚወክል፣ እሱን የዘረጋ ሰው የአዲሱን መስመር፣ የለቡን ባቡር ለገሃር አስገባ ማለት ነው።

ጣቢያው ካለቀ በኋላ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ቤት ልጨምር የሚል ሰው ከእነዚህ ሣጥኖች በአንዱም ውስጥ ቆርቆሮ ክዳን አያገኝም። የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ላይ ዘርግቶ በጥፍር እየተጫኑ መጎተት ሸንተረሩን በደንብ ያወጣዋል።